ኳሷ በእጅህ ነበረች

ድሬዳዋ፣ ኅዳር 2018

ይድረስ ለማልረሳህ ወንድሜ፤ ለጤናህ እንደምን አለህ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። «እንደምን ሰነበትህ» ብዬ ልጀምር አስቤ ነበር፤ ሃያ ዓመት ግን ሰነበተ አይባልምና ተውሁት።

አድራሻህን የሰጡኝ እናትህ፣ ለእኔም እናት የሆኑት እናታችን፣ ናቸው። ባለፈው ቅዳሜ ቀፊራ ገበያ ሽንኩርት ሲመርጡ አገኘኋቸውና ዘንቢላቸውን ተቀብዬ እስከ ቤት ሸኘኋቸው። ስለ አንተ እንዴት እንደምጠይቃቸው ሳወጣ ሳወርድ እሳቸው ቀደሙኝ። ጅቡቲ ወደቡ ላይ መሥራትህን፣ ሦስት ልጆች መውለድህን ነገሩኝ። በሩ ላይ ስንደርስ ዘንቢሉን ከእጄ ተቀብለው፣ «እናንተ ልጆች ግን ምን ሆናችሁ ነው?» አሉኝ። መልስ አጣሁ። ለእሳቸው ያልመለስሁትን ለአንተ ልጻፈው።

አሁን ማለዳ ማለዳ ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ልጆች አሠለጥናለሁ። 12 ሰዓት ጀምረን አሸዋው ሳይግል 2 ሰዓት ላይ እንበተናለን። አሸዋ ላይ ኳስ እንደማትንከባለል ታውቃለህ፤ ከፍ አድርጎ ማቀበል ያልቻለ ልጅ ኳስ ሲጎትት ይውላል። የእኔም ባት የጠነከረው፣ የአንተም ግራ እግር የተገራው እዚያው ነው። ባለፈው ሳምንት ለሁለት ከፍዬ ሳጫውታቸው ፍጹም ቅጣት ምት ተገኘ። አንድ ቀጭን ግራ እግር ተጫዋች አለኝ፤ ኳሷን አንሥቶ አሸዋውን በመዳፉ ጠረገላትና ሊያስቀምጣት ጎንበስ አለ። ጎል የሚያገባልን ትልቁ ልጅ መጣና ከእጁ ወሰዳት። ትንሹ ምንም አላለም። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አፈገፈገና ካልሲውን ሳብ ሳብ ማድረግ ጀመረ።

ፊሽካው አፌ ላይ ነበር፤ ትንፋሽ ግን አጣሁ። አንተ ያን ዕለት ያደረግኸው ካልሲ መሳብ አልነበረም፤ ተንበርክከህ የታሰረ የታኬታህን ማሰሪያ ፈትተህ መልሰህ አሰርኸው። ከነገሩ ሁሉ ዓይኔ ላይ የቀረው እሱ ነው።

ግንቦት 1997፣ 84ኛው ደቂቃ፣ 1 ለ 1። ካሸነፍን ወደ ላይኛው ሊግ እናልፋለን። ፍጹም ቅጣት ምት መቺው አንተ እንደሆንህ አሠልጣኛችን መልበሻ ክፍል ውስጥ ተናግሯል፤ በዚያ ዓመት አምስት መትተህ አንድም አልሳትህም። አንተ የማታውቀውን ልንገርህ። ከአዲስ አበባ አንድ የክለብ ሰው መጥቶ ከጥላው በኩል ተቀምጦ ነበር። መምጣቱ ጠዋት ተነግሮኛል። አንተና እኔ ከአንድ ሳህን ፉል ስንበላ ተነግሮኝ ነበር፤ አልነገርሁህም። እኔን ብቻ እንዲያይ ፈልጌ ነው። ኳሷን ከእጅህ የነጠቅሁት ለቡድኑ አስቤ አይደለም፤ በራሴ ተማምኜም አይደለም።

ከ11 ሜትር የተመታች ኳስ መስመሩ ላይ ለመድረስ ግማሽ ሰከንድ እንኳ አትፈጅም። በረኛ ኳሷን ጠብቆ አያድናትም፤ የሚያነበው የመቺውን ዳሌና የሚተከለውን እግር ነው። አንተ ሁልጊዜ የምትለኝ ይህንኑ ነበር። እኔ ግን ስንደረደር የማስበው ከጥላው በኩል ስለተቀመጠው ሰውዬ ነበርና ዳሌዬ ከሩቅ አሳበቀብኝ። በረኛው ወደ ቀኙ ወድቆ ኳሷን ደረቱ ላይ አቀፋት።

ከዚያ በኋላ ስድስት ደቂቃ ቀረ። በዚያች ስድስት ደቂቃ ሁለት ጊዜ አቀበልኸኝ። ኳሷን ነጥቄህ፣ ስቼ፣ ሕዝቡ እየጮኸብኝ፣ አንተ ቀና ብለህ እኔን ፈለግህ። አንደኛዋን በሁለት ተከላካዮች መካከል አሾልከህ ልክ እግሬ ላይ ጣልህልኝ። ሁለቱንም ወደ ሰማይ ሰደድኋቸው። መልበሻ ክፍል ስንገባ አሠልጣኙ፣ «ለምን ሰጠኸው?» ብሎ አንተ ላይ ጮኸ። አንተ ዝም አልህ። እኔም ሁለት ክንድ በማይሞላ ርቀት ተቀምጬ ዝም አልሁ። የክለቡ ሰውዬ ከዚያ በፊትም አይቶኝ ኖሮ ማታውኑ አስፈረመኝ። በነሐሴ አንተ በባቡር ወደ ጅቡቲ ስትሄድ ከዚራ ሰፈር፣ ዛፎቹ ሥር ቆሜ ነበር፤ ለገሃር ድረስ ለመምጣት እግሬ አልታዘዝ አለኝ። ባቡሩ ሲነፋ ሰማሁት።

አዲስ አበባ የመጀመሪያው ዓመት መልካም ነበር፤ ዘጠኝ ግብ አገባሁ። በሁለተኛው ዓመት ግቡ ነጠፈ። ለምን እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው። አጥቂ የሚኖረው በሚደርሰው ኳስ ነው። እዚያ ከእኔ የሚበልጡ አማካዮች ነበሩ፤ ነገር ግን ኳስ ከመቀበሉ በፊት ወደ እኔ የሚያይ አልነበረም። አንተ ፊቴን ሳይሆን እግሬን ነበር የምታየው። ግራ ትከሻህ ዝቅ ስትል እነሣለሁ፤ ኳሷ ከተከላካዩ ጀርባ ታገኘኛለች። «ቶሎ ትሄዳለህ፤ ትንሽ ዘግይ፤ ኳሷ ትጠራሃለች» ትለኝ የነበረው ያለ አንተ አልሠራ አለኝ። ከእኔ ፍጥነት ነው ያልሁት ከአንተ ትዕግሥት ነበር።

ሌላውን ባጭሩ ልንገርህ። በየክረምቱ ፊርማ፣ በየክረምቱ ሌላ ከተማ፣ ሌላ ማልያ። ቀኝ ቁርጭምጭሚቴ በመርፌ ነበር የሚጫወተው። ስሙን የማልጠራው የመጨረሻው ክለቤ ጉዳቴ ሲከፋ ደመወዜን በሦስተኛው ወር አቋረጠ። ሠላሳ ዓመት ሲሞላኝ ሻንጣዬን ይዤ ወደ ድሬ ተመለስሁ።

ጥር 13 ቀን 2005 ትዝ ይልሃል? ብሔራዊ ቡድናችን ከ31 ዓመት በኋላ አፍሪካ ዋንጫ ገብቶ ደቡብ አፍሪካ ላይ ከዛምቢያ ጋር የተጫወተ ዕለት። መጋላ አንድ ሻይ ቤት ውስጥ፣ ቁርጭምጭሚቴ በፋሻ ተጠቅልሎ፣ በሰው ተከብቤ ነበር የማየው። ሳላዲን ሰይድ የመታትን ፍጹም ቅጣት ምት የዛምቢያው በረኛ ሲያድናት ቤቱ በሙሉ እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጫነ። አንዱ ሊሳደብ ጀመረ። እኔ እጄ በረደ፤ ብርጭቆውን መያዝ አቃተኝ። ከዚያ በረኛችን በቀይ ወጥቶ፣ በአሥር ሰው፣ አዳነ ግርማ አቻ አደረገን። የማላውቀው ሰው ሁሉ አቀፈኝ። እኔ ያን ጊዜ የማስበው ያቺን ስድስት ደቂቃና ያቀበልኸኝን ሁለቱን ኳስ ነበር።

አጠገቤ አንድ አዛውንት ነበሩ፤ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ጡረተኛ። ቀኑን አስታወሱኝ። በ1954 ግብጾችን አዲስ አበባ ላይ በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፈን ዋንጫውን የወሰድነውም ጥር 13 ነው። የመንግሥቱ ወርቁን አራተኛዋን ጎል በእጃቸው ጠረጴዛው ላይ እየሣሉ አሳዩኝ። ዋንጫውን የተቀበለው አምበል ሉቺያኖ ቫሳሎ በፋብሪካው ቡድን በኮተን ማልያ እዚሁ ድሬ ተጫውቷል፤ እሱን ሲያነሡ ድምፃቸው ይለወጥ ነበር። አባትህን አስታወሱኝ።

የእናታችን ማድቤት ግድግዳስ? በ1993 የኛው የድሬ ልጅ ዮርዳኖስ አባይ ለመብራት ኃይል ባገባ ቁጥር በከሰል እያሰመርን 24 አደረስነው። ያ የሊጉ የአንድ ዓመት የጎል ክብረ ወሰን ሃያ ዓመት ቆየ። በ2013 የኢትዮጵያ ቡናው አቡበከር ናስር 29 አድርሶ ሲሰብረው ቴሌቪዥኑን ትቼ ግድግዳውን ለማየት ሄድሁ። እናታችን በኖራ አስቀብተውታል። ቢሆንም ፀሐይ ከጎን ስትመታው ከሥሩ ጥቁር ጥቁር ነገር ይታያል።

የአሸዋውን ነገር ልጨርስልህ። ዘግይቼም ቢሆን ፊሽካውን ነፋሁ። ኳሷን ከትልቁ ልጅ ተቀብዬ ለትንሹ መለስሁለት። ትልቁ አኮረፈኝ፤ ቆይቼ አጠገቤ አስቀመጥሁትና ይህን ለአንተ የጻፍሁትን ሁሉ ነገርሁት። ከአፌ ሲወጣ ያን ጊዜ የመጀመሪያው ነው። ትንሹ ልጅ ምንም ሳይቸኩል ወደ ግራ ጥግ መታት፤ ገባች።

አሁን አዲሱ ባቡር አለ፤ ብትመጣ ጣቢያው ድረስ መጥቼ እቀበልሃለሁ። ይህ ልጅ ሊያስተምረው የሚገባው ሰው እኔ አይደለሁም። ለመምጣት ባይመችህም አንድ ነገር ጻፍልኝ፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ስጠይቀው የኖርሁት ነው። አንተ ያን ዕለት ወዴት ልትመታት ነበር?

ወንድምህ