ደብዳቤ ለልጄ፦ «ማናቸው?» ብለህ ጠይቅ

ደሴ፣ ነሐሴ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ፣

እንዴት ሰነበትክ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እናትህን ብርዱ ጉልበቷን ያዝ አደረጋት እንጂ ሌላ ነገር የለም፤ አንተ አብሽር። ጉሙ የጦሳን ተራራ ከዋጠው አምስት ቀኑ ነው። ዛሬማ በራችን ላይ ቆሜ የጎረቤቱን ቆርቆሮ እንኳ አላየሁትም።

ብዕር ያነሳሁት ግን ለሰላምታ ብቻ አይደለም። አክስትህ ደውላ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሥራ ስትወጡ እሷ ቤት ቡና እየጠጣችሁ ፎቶ እንደምትተያዩ አውቃለሁ፤ ደስም ብሎኝ ነበር። ያቺ ልጅ የአንድ ባልቴት ፎቶ ልታሳይህ ስልኳን ስታቀብልህ ግን፣ ገና በደንብ ሳትይዘው፣ «ፊቷ ከሰል መስሏል፤ ይሄ ፎቶ አይደለም፣ ሰርዢው» አልካት አሉ። ልጅቱም አቦሉን ጠጥታ ቶናውን ሳትጠብቅ ተነስታ ሄደች። አንቱ የሚባሉትን ሴት «ፊቷ» ማለትህን ለጊዜው ልተወው።

አክስትህ ወሬ ላይ ቅመም መጨመር እንደምትወድ አላጣሁትም። ይቺን ግን አልጨመረችም። ንግግሩ የኔ ነው፤ ከኔ ሰምተህ ነው ያደግከው።

ከመናገርህ በፊት ጠይቅ። «ማናቸው? ምን ልታሳዪን ነው ያነሳሽው?» በል።

አክስትህ እንደነገረችኝ ከሆነ ነጭ ነጠላ የለበሱ ባልቴት ኖራ የተቀባ ግድግዳ ተደግፈው፣ በጠራራ ፀሐይ የተነሱ ናቸው። ታዲያ ሙያህ የት ሄደ? ካሜራ ነጠላ ይሁን ከሰል አያውቅም፤ ያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ሊያደርግ ነው የሚለካው። ነጠላና ኖራ ሲደራረብበት ብርሃን በዛብኝ ብሎ ይቀንሳል፤ ነጠላው አመድ ይመስላል፣ የሴትዮዋ ፊት ይጠፋል። መድኃኒቱ አንድ ስቶፕ መጨመር ነው፤ የሚገባው ብርሃን እጥፍ ይሆናል። ወይም ባልቴቷን ከፀሐይ አንስቶ በር ሥር ጥላው ላይ ማስቀመጥ። ይህን ለመንገር አንድ ደቂቃ አይፈጅም። «ሰርዢው» ብለሃት ነገ ስታነሳ ምኑን ታሻሽለው?

እንዲህ ስልህ «ማሻአላህ፣ ያምራል» እያልክ እለፍ ማለቴ እንዳይመስልህ። እሱም ያው አለማየት ነው። «ያምራል» ከሚሉኝ ደንበኞች ምንም አልተማርኩም፤ «አንገቴን አጣመምከው» ብላ የተቆጣችኝ ሙሽራ ናት ወንበሩን ከመስኮቱ ፈቀቅ ያስደረገችኝ።

የዚያን ልጅ ነገር ነግሬህ አላውቅም። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ፒያሳ ፎቶ ቤት ስሠራ አንድ ተላላኪ ነበረን፤ ወለል ይጠርጋል፣ ውሃ ያመላልሳል። ከ36ቷ ፊልም አንዲት የተረፈች አለች ስል ሰምቶ ለመነኝ፤ ካሜራውን ሰጠሁት። በማለዳ ሄዶ አነሳ። ማታ በቀዩ መብራት ሥር ወረቀቱን ሳጥበው ብቅ ያለው ግራጫ ብቻ ነው፤ ከታች በኩል የምስር ፍሬ የምታክል ጥቁር ነጥብ አለች። «በጉም ፎቶ ይነሳል? ወረቀት አስፈጀኸኝ!» አልኩና ምስሉን የሚያጸናውን መድኃኒት፣ ፊክሰሩን፣ ሳላስነካው ወረወርኩት። ጠዋት በሩ ሲከፈት ወረቀቱ ጥግ ላይ ብርሃን መትቶት ጠቁሮ ተገኘ። ራሱ ጠርጎ አወጣው። በሳምንቱ ሥራ ለቀቀ።

ከሃያ ዓመት በኋላ ባጃጅ ይዞ አገኘሁትና እስከ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ወሰደኝ። መልስ እየቆጠረ፣ ዞር ሳይል፣ «ጋሼ፣ ያቺ ነጥብ እኮ እናቴ ነበረች» አለኝ። እንጨት ተሸክማ ወደ ሰኞ ገበያ ስትወርድ ነው። ሌላ ፎቶ አላት ወይ ብዬ ለመጠየቅ አልደፈርኩም። ነጋቲቩን ፍለጋ ፎቶ ቤቱ ብሄድ ሞባይል መሸጫ ሆኗል።

ጉምም እንደ ነጠላው ነው፤ አንድ ስቶፕ ቢጨመርለት ነጭ ይሆን ነበር። ያን ሳልነግረው ካሜራ ያስያዝኩት ደግሞ እኔ ነኝ።

ስለዚህ ጠይቅ ብያለሁ! ለልጅቷ በስልክ ይቅርታ ብለህ እንዳትገላገል። ሰው ፊት ያልከውን ሰው ፊት መልስ። ቅዳሜ እዚያው ቁጭ በልና ፎቶውን እንድታሳይህ ለምናት፤ ስኒህ እስኪያልቅ እያየህ ዝም በል። ከዚያ ጠይቅ። ከዚያ የያዘላትን አንድ ነገር፣ የምታስተካክለውንም አንድ ነገር ንገራት። ስድስት ስህተት አትደርድርባት፤ ታውቀኝ የለ እኔን፣ ስድስት ነበር የምደረድረው።

ዳቦ ቆሎና ጋቢ ልከንልሃል፤ መነኻሪያ ሄደህ ተቀበል። ሌንስህን በካናቴራህ አትጥረግ፣ መጥረጊያ ጨርቅ ጋቢው ውስጥ ጠቅልዬልሃለሁ። ስትመጣ በማታ እንዳትሳፈር፤ በዚህ ጉም ሐረጎ ላይ ሾፌሩም መንገዱን አያየውም። የቤት ኪራይህን ከፍለሃል? ዕቃውን መነኻሪያ ያደረሰልኝ ያው ባለ ባጃጁ ነው፤ ሂሳብ አልቀበልም አለኝ።

ቅዳሜ ማታ ደውልልኝ። ባልቴቷ ማን እንደሆኑ ትነግረኛለህ።

አባትህ