ባልቴቷ ቤቷ ውስጥ እንድትቀር

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ ውርስ ክርክር ብዙ ይጻፋል። ክርክሩ ከመነሻው እንዳይኖር ምን ይደረግ የሚለው ግን ይረሳል። ደሴ ውስጥ የአንድ ቅሬ (እድር) ጸሐፊ ነኝ። ቀብረን፣ ድንኳን ነቅለን ሳንጨርስ ወንድምና እህት ሲካሰሱ እናያለን። ያሳዝናል።

"ኑዛዜ ጻፉ" ሲባሉ ሟርት የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። የጻፈውም አጻጻፉን ካላወቀ ልፋቱ ከንቱ ነው። በቅርቡ ያየሁት ኑዛዜ ጽሑፉ ያምራል፤ ቤቱ ለማን፣ ሱቁ ለማን፣ ሁሉም አለ። ምስክሮቹ ግን ሦስት ናቸው። መነበቡን የሚናገር አንድ መስመር እንኳ የለውም።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ እዚህ ላይ አይለሳለስም። ሌላ ሰው የጻፈው ኑዛዜ በተናዛዡና በ4 ምስክሮች ፊት ይነበባል። መነበቡና ቀኑ እዚያው ይሰፍራል፤ ሁሉም ወዲያው ይፈርማሉ። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ 2 ይበቃሉ። ሙሉውን በእጁ የሚጽፍ ሰው ምስክር አያስፈልገውም። ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ ይጻፍ፣ በየገጹ ቀን ይጻፍና ይፈርም፣ በ7 ዓመት ውስጥም ውል አዋዋይ ዘንድ ወይም ፍርድ ቤት ያስቀምጠው። ባልና ሚስት በአንድ ወረቀት አብረው ከተናዘዙ ፈራሽ ነው። አልጋ ላይ ሆኖ በቃል መናዘዝም ለቀብር ሥርዓት፣ ለልጆች ሞግዚትና እስከ 500 ብር ለሚደርስ ስጦታ እንጂ ለቤት አይሆንም።

እኔን የሚያንገበግበኝ የሚስቶች ነገር ነው። ኑዛዜ ከሌለ ልጆች፣ ወንዱም ሴቷም፣ እኩል ይወርሳሉ። ሚስት ግን በዚህ ሕግ የባሏ ወራሽ አይደለችም። የጋራ ንብረቱን ግማሽ ትወስዳለች፤ የባሏ ግማሽ ለልጆቹ ነው። ልጅ ባይኖር እንኳ ወደ ሟች ወላጆች ይሄዳል። እንግዲህ ያላቸው አንድ ሳሎንና አንድ መኝታ ቤት ከሆነ ግማሹ የት ይሆን? ልጆቹ "ይሸጥልን" ካሉ አብራ የሠራችውን ቤት ለቃ በስተርጅና ኪራይ ትገባለች። ባልየው ግን ቀድሞ በኑዛዜ ሊያስብላት ይችል ነበር።

በሸሪዓ ሲሆን ሚስት ድርሻ አላት፤ ልጅ ካለ ከስምንት አንድ፣ ከሌለ ከአራት አንድ። ወሲያ (በሸሪዓ የሚደረግ ኑዛዜ) ደግሞ ከንብረቱ ሲሶ አይበልጥም፣ ለወራሽም አይደረግም። ጉዳዩ ሸሪዓ ፍርድ ቤት የሚታየው ግን ተከራካሪዎቹ ሲስማሙ ነው፤ አንዱ እንቢ ካለ መደበኛው ፍርድ ቤት ያየዋል። ወሎ ላይ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ቤት ስለሚኖር ይህን በሕይወት እያሉ መነጋገር ይበጃል።

የደሴና የኮምቦልቻ ቅሬዎች በየስብሰባው ሩብ ሰዓት ለዚህ ቢሰጡ ምን አለበት? ምስክር ለመሆን የታመነ ጎረቤት እኛ ጋ አይጠፋም። እናንተም የሕግ ባለሙያ አነጋግራችሁ የኑዛዜ ናሙና ብታትሙልን፣ አባዝቼ ለአባላቱ አድላለሁ።

ከአክብሮት ጋር
የቅሬ ጸሐፊ፣ ከደሴ