ሳታዪው እንዳትከፍዪ

ይድረስ ለልጄ፣

እንኳን ተወለድሽ! እድሜ ይስጥሽ። ልመርቅሽ ብዬ ብዕር ሳነሳ አክስትሽ ደወለች። ለሳሎንሽ የጣሊያናዊውን የኅትመት ሠዓሊ የፒራኔዚን ሥዕል፣ የሮማን ኮሎሲየም የሚያሳየውን፣ በዱቤ ልትገዢ ነው አሉ። ሻጩም «ኦሪጅናል ነው» ብሎሻል። ልጄ፣ ሳታዪው እንዳትከፍዪ።

አትግዢ አላልኩም። ፍቅሩ ከማን እንደተጋባብሽ አውቃለሁ። ሰውየው የሮማ ዕይታዎቹን በ1740ዎቹ ጀምሮ በ1778 እስኪሞት ድረስ ሲሠራ ኖረ። ሰም በተቀባ መዳብ ላይ በመርፌ ይጭራል፤ አሲዱ የተጫረውን ይበላዋል፤ ከዚያ ቀለም፣ ከዚያ ማተሚያ። ገዢዎቹ ሮም አይተው የሚመለሱ የእንግሊዝ ባለጸጋ ልጆች ነበሩ። አገራቸው ገብተው ለእንግዳ ያሳያሉ፤ «እኔም ሄጃለሁ» ማለታቸው ነው። ያልሄደው ደግሞ ሥዕሉን አይቶ የቤቱን በረንዳ በሮማ ዓምድ ያስጌጣል። ግን ፒራኔዚ ሰዉን አሳንሶ ሕንፃውን ያገዝፋል። ጀርመናዊው ባለቅኔ ጎተ እንኳ ሮም ሄዶ የጥንቱን የካራካላን መታጠቢያ ፍርስራሽ ሲያይ እንደ ሥዕሉ አልሆነለትም። አንቺም የሻጩን ወሬ ሰምተሽ እንዳትከፍዪ።

አየርላንዳዊው ሎርድ ቻርልሞንት ትዝ ይልሽ የለ? የፒራኔዚን መጽሐፍ በገንዘብ እደግፋለሁ ብሎ ዝም ሲለው፣ ፒራኔዚ የሎርዱን ስም ከመዳቡ ላይ ፋቀው። በ1757 በጉዳዩ የጻፋቸውን ደብዳቤዎችም አሳትሞ ጉድ አደረገው። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ያንገበግበኛል። እኔ ስነድፈው ያደርኩት የሕንፃ ፕላን ላይ የሌላ ሰው ስም ሲጻፍ፣ ትሬሲንግ ወረቀት የምፍቅበት ምላጭ በእጄ ነበር። እናትሽ ነፍሰ ጡር፣ እኔ ደሞዝ ጠባቂ። ዝም አልኩ።

ተይው። አጉሊ መነጽር ይዘሽ ሂጂ። መስመሩ ወደ ነጠብጣብ ከተበተነ የፎቶ ኅትመት ነው፤ ጥለሽ ውጪ። ጠርዙን በጣትሽ ዳስሺው፤ መዳቡ ወረቀቱን ተጭኖ ያጎደጎደው መስመር ሊኖር ይገባል። እሱ በሕይወት እያለ በታተሙ አንዳንዶቹ ላይ ስትራዳ ፌሊቼ የሚባለው የሮም መንገድ አድራሻውና ዋጋው ተቀርጿል፦ ሁለት ፓኦሊ ተኩል፣ በዘመኑ የሮም ገንዘብ። መዳቦቹ እሱ ከሞተ በኋላም ብዙ ታትሞባቸዋል። ስለዚህ ከመዳቡ የወጣ ሁሉ ዋጋው እኩል አይደለም። መዳቦቹ እዚያው ሮም፣ ትሬቪ ፏፏቴ አጠገብ፣ የመዳብ ማተሚያዎች በሚቀመጡበት በካልኮግራፊያ አሉ። ሄደሽ ጠይቂ፣ ምን ያሳፍራል?

የኔ ቆንጆ፣ ቤትሽ ቢያምር ደስታዬ ነው። ከገዛሽውም ፀሐይ የሚመታው ግድግዳ ላይ አትስቀዪው። የዱቤውን ወረቀት ግን እንዳትፈርሚ። ሳታዪው እንዳትከፍዪ ብያለሁ። ሐሙስ ማታ እደውላለሁ፤ ስልክሽን አንሺ።

አባትሽ