ሰሌዳው በጠጠሩ መቆሚያ ይለካ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በጅማ ከተማ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሒሳብ ሳስተምር ቆይቼ አሁን በጡረታ ላይ የምገኝ መምህር ነኝ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሰፈራችን ልጆች ቤቴ እየተሰበሰቡ ቼዝ ይጫወታሉ። ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ለአንዳንድ አንባቢ ጥቃቅን ሊመስለው ይችላል፤ ነገር ግን የጥንት የቼዝ ጠጠሮችን ቅጂ ገዝተው ወይም በስጦታ አግኝተው የሚመጥነው ሰሌዳ የጠፋባቸው ሰዎች፣ ሰሌዳ የሚሸጡ ነጋዴዎች፣ ይልቁንም ሰሌዳ የሚሠሩ የከተማችን አናጢዎች ሊያውቁት ይገባል ብዬ ስለማምን ዓምዳችሁን ለምኛለሁ።

ባለፈው ዓመት የእህቴ ልጅ ከስኮትላንድ ለዕረፍት ስትመጣ የሉዊስ ጠጠሮች የሚባሉትን ቅጂ፣ ሠላሳ ሁለቱንም አንድ በአንድ በጨርቅ ጠቅልላ አመጣችልኝ። «ጋሼ፣ ሰሌዳው ሻንጣ ውስጥ አልገባ ስላለኝ እዚሁ ይፈልጉለት» አለችኝ። ጨርቁን ስፈታ መጀመሪያ የወጣችው ንግሥቲቱ ነበረች፤ ዙፋኗ ላይ ተቀምጣ ቀኝ እጇን ጉንጯ ላይ አሳርፋ፣ ከባድ ሐሳብ የያዛት ትመስላለች። ንጉሡ ሰይፉን በጉልበቱ ላይ አጋድሞ ይዟል፤ በግንብ ምትክ ከቆሙት ዘበኞች አንዱ ደግሞ የጋሻውን ጠርዝ በጥርሱ ነክሷል። እኔም እንደ ልጆቹ ሆኜ ለረጅም ሰዓት እያገላበጥሁ አየኋቸው።

ዋናዎቹ ጠጠሮች በ1831 እ.ኤ.አ. በስኮትላንድ፣ በሉዊስ ደሴት የተገኙ ናቸው። በ12ኛው ክፍለ ዘመን የተቀረጹ ሲሆን ሥራው የተከናወነው በኖርዌይ፣ በትሮንድሄም ከተማ እንደሆነ ብዙ ተመራማሪዎች ያምናሉ። በሙዚየም ከሚገኙት 93 ዕቃዎች ውስጥ 82ቱ የለንደኑ የብሪቲሽ ሙዚየም፣ 11ዱ ደግሞ የኤዲንብራው የስኮትላንድ ብሔራዊ ሙዚየም ንብረት ናቸው፤ ከ93ቱ የቼዝ ጠጠሮቹ 78 ናቸው። ለእኔ ጉዳይ ግን ከዚህ ሁሉ የሚበልጡት ሦስት ነገሮች ናቸው። አንደኛው፣ አብዛኞቹ የተቀረጹት ዋልረስ ከሚባለው የባሕር እንስሳ ጥርስ ነው፤ ይህ ጥርስ ሲቆረጥ ክብ ሳይሆን ሞላላ ስለሆነ ጠራቢዎቹ የጥርሱን ወርድ ተከትለው ሲሠሩ የጠጠሮቹም መቆሚያ በአንድ በኩል ሰፊ፣ በሌላው በኩል ጠባብ ሆኖ ቀረ። ሁለተኛው፣ ጠጠሮቹ የአንድ ጨዋታ ብቻ አይደሉም፤ ስምንት ነገሥታት አሉባቸው፤ የእነዚህም ቁመት ከ7 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ይለያያል። ቅጂ የሚሠራ ሁሉ የመረጠውን ስለሚገለብጥ አንዱ ቅጂ ከሌላው ጋር በመጠን አይገናኝም። ሦስተኛው፣ ከጠጠሮቹ ጋር ሰሌዳ አልተገኘም። ስለዚህ «የሉዊስ ሰሌዳ ልኩ ይህ ነው» ብሎ የሚነግረን የጥንት ምስክር የለም፤ ልኩን ከጠጠሮቹ ማውጣት የእኛ ሥራ ነው።

እኔ ይህን ሳላስተውል አንዱን ንጉሥ በኪሴ ይዤ አዲስ አበባ ወደሚገኝ አንድ ሱቅ ሄድሁ። ሻጩ ንጉሡን አቁሞ ቁመቱን በማስመሪያ ለካና «ዘጠኝ ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ለውድድር የሚሆነው ባለ 5 ሴንቲ ሜትር ቤት ሰሌዳ ይበቃዋል» አለኝ፤ ቤት የሚባለው በሰሌዳው ላይ ያለው እያንዳንዱ አራት ማዕዘን ነው። በወጉ ካየነው የሻጩ አስተሳሰብ መነሻ አለው። ዓለም አቀፉ የቼዝ ፌዴሬሽን ለውድድር የሚመክረው የንጉሥ ቁመት 9.5 ሴንቲ ሜትር፣ የሰሌዳው አንድ ቤት ደግሞ ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ነው። የእኔ ንጉሥ 8.8 ስለሆነ 5 ይበቃዋል ማለቱ ያስኬዳል። ስሕተቱ ያለው ያ መመሪያ ስታውንተን ለሚባለው ጠጠር፣ ማለትም ከ1849 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዓለም ለለመደው ሸንቃጣ ቅርጽ የወጣ መሆኑን መርሳቱ ላይ ነው። በዚያ መመሪያ የጠጠር መቆሚያ ከቁመቱ ከመቶ ከ40 እስከ 50 እጅ መሆን አለበት። የእኔ ንጉሥ መቆሚያው በሰፊው በኩል 4.6 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ከግማሽ ቁመቱ ይበልጣል። አጭር ነው፤ ግን ወፍራም ነው። በቁመቱ የተገዛለት ሰሌዳ ሊበቃው አይችልም።

የሻጩን ምክር ሰምቼ የገዛሁት ባለ 5 ሰሌዳ ቤቴ በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ ዐሥራ ሁለት ዓመት የሚሆናት ልጅ ጳጳሱን ልታነሣ እጇን ስትዘረጋ ንግሥቲቱ ተገፍታ ወደቀች፤ ከወለሉ ጋር ስትጋጭም የዘውዷ ጫፍ ተሸረፈ። ልጅቱ ዐይኗ እንባ ሞልቶ «ቲቸር፣ እኔ መግፋቴ አይደለም፤ ጣቴ የሚገባበት የለም» አለችኝ። እውነቷን ነበር። ማታ የውፍረት መለኪያ የሆነውን ካሊፐሬን አውጥቼ አንድ በአንድ ለካኋቸው። ንጉሡ 4.6፣ ንግሥቲቱ 4.4 ስፋት ስላላቸው ባለ 5 ሴንቲ ሜትር ቤት ላይ ጎን ለጎን በየመሐሉ ሲቆሙ በመካከላቸው የሚቀረው ግማሽ ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። የልጅ ጣት እንኳ ከዚያ ይወፍራል። ፈረሶቹ ደግሞ ከአፍንጫ እስከ ጭራ 4.9 ናቸው፤ ሁለቱ ፊትና ኋላ ቢቆሙ በመካከላቸው የሚቀረው አንድ ሚሊ ሜትር ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያውቀውን አንድ መፈተኛ ማንሣት ይኖርብኛል። የሰሌዳው ቤት ጎን የወታደር መቆሚያ ሁለት እጥፍ መሆን አለበት፤ በሌላ አነጋገር አራት ወታደሮች በአንድ ቤት ውስጥ መቆም አለባቸው ይባላል። ይህ ለስታውንተን ጠጠር ትክክለኛ መፈተኛ ነው። የሉዊስ ወታደሮች ግን ምስል የሌላቸው፣ እንደ ትንሽ የመቃብር ድንጋይ የቆሙ ቀጫጭን ናቸው፤ ከጌቶቻቸው ጋር ሲተያዩ በጣም ያንሳሉ። የእኔዎቹ 2.7 ሴንቲ ሜትር ስለሆኑ በዚህ መፈተኛ 5.5 ሴንቲ ሜትር ቤት ያልፋል፤ ንጉሡንና ንግሥቲቱን ግን አሁንም በአንድ ሴንቲ ሜትር ብቻ ይለያያቸዋል። ስለዚህ የጥንት ቅጂ የያዘ ሰው በወታደሩ አይፈትን፤ ከሁሉ በሚሰፋው ጠጠር ይፈትን። በጨዋታ ሰዎች ዘንድ የተለመደው ልክ የንጉሡ መቆሚያ ከቤቱ ጎን ሦስት አራተኛ እስከ አራት አምስተኛ ቢይዝ መልካም ነው የሚለው ሲሆን 4.6ን በዚህ ብናሰላው ከ5.75 እስከ 6.13 ሴንቲ ሜትር ይመጣል። ሙሉ ቁጥሩ 6 ነው።

ስሌቱን ብቻ አምኜ ግን አልተነሣሁም። ለአናጢ ገንዘብ ከመክፈሌ በፊት ከአሮጌ ካርቶን ላይ ሦስት ረድፍ ቤቶች አሰመርሁ፤ ባለ 5.5፣ ባለ 6 እና ባለ 6.5። በየረድፉ ጳጳስ፣ ንግሥት፣ ንጉሥና ፈረስ አቆምሁ፤ ከፊታቸውም ወታደሮች ደረደርሁ። ከዚያም ዐይኔን ጨፍኜ ንግሥቲቱን በሁለት ጣት ለማንሣት ሞከርሁ። በባለ 5.5ቱ ንጉሡን ነካሁት። በባለ 6ቱ በአንድ ተኩል ሴንቲ ሜትር ክፍተት ጣቴ ገብቶ ወጣ። በባለ 6.5ቱ እጄ የልቡን ያህል ተንቀሳቀሰ፤ ነገር ግን ወታደሮቹ ከቤታቸው ግማሹን እንኳ ሳይሞሉ ሜዳ ላይ የተበተኑ መሰሉ፤ ሰሌዳውም 52 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ትንንሾቹ ልጆች ከወንበራቸው ሳይነሡ ስምንተኛውን ረድፍ አይደርሱበትም። ለእኔ ባለ 6ቱ ትክክለኛው ሆነ፤ መጫወቻው ሜዳ 48፣ ከዳርና ዳር ሦስት ሦስት ሴንቲ ሜትር ክፈፍ ሲጨመርበት 54 ሴንቲ ሜትር።

ጅማ ለእንጨት ሥራ እንግዳ አይደለችም። ከአንድ ግንድ ተጠርቦ የሚወጣው ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማ የሚታወቀው ከከተማችን አልፎ ነው። ሆኖም ወደ አንድ ጎልማሳ አናጢ ዘንድ ስሄድ መጀመሪያ የነገረኝ «ጋሼ፣ ለዳማም ለቼዝም የሚሆነው እንጨት በባለ አምስት ተሰንጥቆ ተዘጋጅቷል፤ ሌላ ልክ አንሠራም» የሚል ነበር። ሳልከራከረው ፈረሱን፣ ንጉሡንና ካርቶኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥሁለት። ፈረሱን አንሥቶ በተሰነጠቀው እንጨት ላይ አዙሮ አዙሮ አየውና «ለካስ የሚያዘው ይሄ ፈረስ ነው» አለ። ከዚያ በኋላ ጉዳዩን ከእኔ ይልቅ እርሱ ያዘው። ከተፈታ አሮጌ ቁምሳጥን ላይ በደንብ የደረቀ ዋንዛና ዝግባ መረጠ፤ በዚህ በዝናባማው አገራችን እንጨት በክረምት እንደሚያብጥ በበጋ እንደሚሰበሰብ ስለሚያውቅ ክፈፉን በኮላ ሳያጣብቅ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል መንቀሳቀሻ ተወለት። ያለ እርሱ እኔ ይህን አላስበውም ነበር።

ስለ ቀለም አንድ ነገር ልጨምር። ከሉዊስ ጠጠሮች አንዳንዶቹ ሲገኙ ቀይ ቀለም ነበረባቸው፤ የእኔም ቅጂ አንዱ ወገን ነጣ ያለ፣ ሌላው ወገን ወደ ቡና የሚያደላ ቀይ ነው። አናጢው ዋንዛውን በጥቁር ቫርኒሽ ሊቀባው ሲል ቀዮቹ ጠጠሮች እንዳይዋጡ ዘይት ብቻ እንዲጠጣ ለመንሁት፤ አሁን ነጩም ቀዩም ጠጠር በሁለቱም ቤቶች ላይ ጥርት ብሎ ይታያል።

የእንጨት ሰሌዳ ለማሠራት አቅሙ የማይፈቅድለት ሰው የአባቶቻችንን ሰንጠረዥ፣ ማለትም የጥንቱን የአገራችንን ቼዝ ያስታውስ። ፈረሱን ፈረስ፣ በጳጳሱ ቦታ የሚቆመውን ዝሆን ፊል፣ ግንቡን ደር፣ ወታደሩን መደቅ እያሉ ይጫወቱበት የነበረው ሰሌዳ ጥቁርና ነጭ አልነበረም፤ ቀይ ጨርቅ ላይ ጠቆር ያለ ጥብጣብ እየተሰፋበት ስምንት በስምንት ይከፈል ነበር። ሂርማታ ገበያ ጨርቁም ጥብጣቡም ሰፊውም አለ፤ ጨርቅ ደግሞ የፈለጉትን ልክ ይቀበላል። ጥንቃቄው አንድ ነው፤ ልኩ ከጥብጣብ መሐል እስከ ጥብጣብ መሐል ይወሰድ፤ አለበለዚያ ሰፊው የጥብጣቡን ወርድ ከቤቱ ላይ ይቀንሰዋል።

ነጋዴዎቻችን በጠጠሩ ሣጥን ላይ የንጉሡን ቁመት ብቻ ሳይሆን ከሁሉ የሚሰፋውን ጠጠር መቆሚያ፣ በሰሌዳው ላይም የአንዱን ቤት ጎን በሴንቲ ሜትር እንዲጽፉ እጠይቃለሁ። አናጢዎቻችንም ደንበኛውን «ስንት በስንት ይሁንልህ?» ከማለታቸው በፊት «ጠጠሩን ይዘህ ና» እንዲሉት እለምናለሁ። የእኔ ሰሌዳ ካለቀ ሦስት ወር ሆነው፤ የንግሥቲቱ ዘውድ እንደተሸረፈ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ግን በጣት ተገፍቶ የወደቀ ጠጠር የለም። ካርቶኑን አናጢው እንድተውለት ስለጠየቀኝ ሰጥቼዋለሁ፤ ከመላጊያው በላይ ምስማር ላይ ሰቅሎታል።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረተኛ የሒሳብ መምህር፣ ከጅማ