በወጣህበት ማርሽ ውረድ

ይድረስ ለውድ አባቴ፣ ደሴ

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ። አንድ ወር ተኩል ድምፄን አጥፍቼ ሰላምታ ማብዛቱ ስለሚያሳፍረኝ በቀጥታ ወደ ጉዳዬ ልግባ። «ዓይኔ ፈዞ መንገዱን ለማላየው መርሳ ድረስ ምን አንገላታኝ» ብለው ለሰኔ ከተቆረጠው የእህቴ ቅልቅል ሊቀሩ መሆኑን እማዬ ነገረችኝ። በስልክ ከሆነ እንደ ልማዳችን «ደህና ነን» ተባብለን እንደምንዘጋው ስለማውቅ መጻፉን መረጥሁ።

አስቀድሜ የዋሸሁትን ላቅና። በእህቴ ሠርግ ዕለት ያልደወልሁት ኔትወርክ እምቢ ብሎኝ አልነበረም። እልልታውን በስልክ ሰምቼ ማታ ሥራ መግባት እንደማይሆንልኝ ስላወቅሁ ስልኬን አጥፍቼ፣ የጓደኛዬን መኪና ተውሼ ወደ ተራራ ሄድሁ። ይህን ለሙሽራዋ እርስዎ ይንገሩልኝ፤ እኔ አልደፈርሁም።

እዚህ ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ፍሮንት ሮያል ከምትባል ትንሽ ከተማ ተነሥቶ በተራራው ጀርባ ላይ እየተጠማዘዘ 169 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ስካይላይን ድራይቭ የሚሉት መንገድ አለ። በሰዓት ከ56 ኪሎ ሜትር በላይ መንዳት ክልክል ስለሆነ፣ እርስዎ አሰብ ይመላለሱበት የነበረው ኤንትሬ የጭነት መኪና ከነተሳቢው እንኳ ከሰው እኩል ይደርስ ነበር። ሰው ሁሉ ቆሞ ፎቶ የሚነሣለት የዚያ ተራራ ከፍተኛ ጫፍ 1,235 ሜትር ገደማ ነው፤ የደሴን ከፍታ ግማሽ እንኳ እምብዛም አያልፍም ብዬ ብቻዬን ሳቅሁ። መሐል ላይ ወደ ሉሬይ ከተማ ወርጄ ቡና ጠጣሁ። በረንዳቸው ላይ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ሳያውቁኝ እጃቸውን አነሡልኝ፤ የሐይቅ ሰው መስለውኝ ከመቀመጫዬ ብድግ ብዬ እጅ ነሣሁ።

ከዚያ ወደ ላይ ስመለስ ዋሻ አለ። ሁለት መቶ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፤ ከጣርማ በር ጋር አይወዳደርም። ሆኖም ጨለማው ውስጥ ስገባ በእርስዎና በረዳትዎ መሐል ተቀምጬ አዲስ አበባ የሄድሁበት የክረምት ዕረፍት መጣብኝ። ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን ስደጋግም ደግሞ «በወጣህበት ማርሽ ውረድ» የሚለው ድምፅዎ ጆሮዬ ውስጥ ጮኸ። መኪናው አውቶማቲክ ነው፤ የምቀይረው ማርሽ የለም። ግራ እግሬ ግን ፍሪሲዮን ፍለጋ ወለሉን ሲዳብስ ቆየ።

አባባ፣ እኔ የማላውቀው አገር መንገድ ላይ እርስዎን እየሰማሁ ከነዳሁ፣ እርስዎ የሐይቅን፣ የውጫሌን፣ የውርጌሳን መንገድ ለማወቅ ዓይን ያስፈልግዎታል? ውጫሌ በደረስን ቁጥር የ1881ዱን ውል እንደ አዲስ ይነግሩኝ ነበር። አሁን ደግሞ ለአማችዎ ይንገሩት፤ እኔ ጠግቤዋለሁ፣ እሱ ገና ጀማሪ ነው። መርሳ መቃረባችሁንም ከማንም በፊት ከሙቀቱ የሚያውቁት እርስዎ ነዎት።

በባንክ 400 ዶላር ልኬአለሁ። ከእሱ ላይ ምቹ መኪና ይከራዩ፤ የቀረው ሐኪሙ በቀዶ ሕክምና ይነሣል ላለዎት የዓይን ሞራ መጀመሪያ ይሁን። «ከየት አምጥቶ ነው?» አይበሉ፤ ተርፎኝ ነው። ሥራዬ የሌሊት ቢሆንም ቀን እተኛለሁ፣ እንጀራም አላጣሁም። ወረቀቴ አልቆ ቢሆን ኖሮ የምነዳዎት ራሴ ነበርሁ፤ ችላ ብዬ የቀረሁ አይምሰልዎት። እማዬ ግን እንደዚያ ሳታስብ አልቀረችም፤ ድምፅዋ ያስታውቃል።

ሲሄዱ ከሾፌሩ ጎን ይቀመጡ። ሐይቅ ላይ ውረዱና ለእማዬ ዓሣ ይጋብዟት። ከዚያ እስከ መርሳ ወንድሜ ስልኩን ከፍቶ ከፊታችሁ ያስቀምጥልኝ፤ ምንም ባታናግሩኝ ግድ የለም፣ እርስዎ ሾፌሩን ስለ ማርሹ ሲቆጡት ብቻ ልስማ። እዚያ ጧት ሲሆን እዚህ ሌሊት፣ ሥራ ላይ ነኝ። ስልኬን ግን አላጠፋም።

ልጅዎ