ቅዳሜ ማጂክ ኪንግደም፦ ሕፃን ይዛችሁ ለምትመጡ

ሰላም ቤተሰብ፣

ቅዳሜ ኦርላንዶ ዲዝኒ ውስጥ ወዳለው ማጂክ ኪንግደም መዝናኛ ፓርክ እንሄዳለን። ሕፃን ይዛችሁ ለመጀመሪያ ጊዜ የምትመጡ ይህን አንብባችሁ እስከ ረቡዕ ማታ መልሱልኝ።

መገናኛችን በፈረንጅ ሰዓት ጠዋት 7:30፣ ሐይቁ ዳር ያለው የጀልባ መሳፈሪያ ነው። ጀልባው ላይ የሕፃን ጋሪ ሳይታጠፍ ይገባል፤ ከመኪና ማቆሚያው የሚያመላልሰው ትራም ላይ ግን ማጠፍ ግድ ነው።

ዕድሜው ከ3 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ትኬት አያስፈልገውም። የጋሪው ስፋት ከ79፣ ርዝመቱ ከ132 ሴንቲሜትር እንዳይበልጥ፤ የሚጎተት ዋገን አይፈቀድም። ሠራተኞቹ የቆሙ ጋሪዎችን ቦታ ስለሚቀያይሩ ደማቅ ጨርቅ እሰሩበት፣ ገንዘብና ስልክ አትተዉበት።

መጀመሪያ ወደ ዱምቦ (የሚበሩ ዝሆኖች መጫወቻ) እንሂድ፤ የቁመት ገደብ የለውም፣ ረፋዱ ላይ ግን ሰልፉ ይረዝማል። የሰባቱ ድንኮች ባቡር የሚባለው መጫወቻ ግን ቢያንስ 97 ሴንቲሜትር ቁመት ይጠይቃል። እዚያ አባትና እናት ሕፃኑን እየተቀባበሉ በየተራ ይሳፈራሉ፤ መግቢያው ላይ ላለው ሠራተኛ አስቀድማችሁ ከነገራችሁት ሁለተኛው ሰው ረጅሙን ሰልፍ እንደገና አይሰለፍም።

ማጥቢያና ዳይፐር መቀየሪያ ክፍል ክሪስታል ፓላስ ምግብ ቤት አጠገብ አለ። የፀጉር ማድረቂያ የሚመስል ድምፅ የሚያስደነግጠው ልጅ ካላችሁ ወደዚያው ውሰዱት፤ የሕዝብ መጸዳጃው የእጅ ማድረቂያ በጣም ይጮኻል።

ምግብ ይዞ መግባት ይቻላል፤ ከትንንሽ የሕፃን ምግብ ብልቃጥ በቀር የመስታወት ዕቃ ክልክል ነው። ሁለት ቅያሪ ልብስና ለጋሪው የዝናብ ላስቲክ አትርሱ። ከምሳ በኋላ ልጆቹ ስለሚደክሙ በፈረንጅ ሰዓት ከቀትር በኋላ 1:30 ላይ ብንወጣ ይሻላል እላለሁ።

የአዋቂ ብዛት፣ የልጁን ዕድሜና ቁመት፣ በ1:30 መውጣት ይስማማችሁ እንደሆነ ጻፉልኝ።