ለትወና ተማሪ የሚመቸውን ሚና ብቻ አትስጡት

ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው ስለ ትወና ስልጠና ያወጣችሁትን ጽሁፍ አንብቤ ነው የምጽፍላችሁ። ጥሩ ጽሁፍ ነበር ግን አንድ ቦታ ላይ አልተዋጠልኝም፣ ጸሐፊው ተማሪ ከባህሪው ጋር የሚሄድ ሚና ቢሰጠው በራሱ ይተማመናል ቶሎም ያድጋል ብለዋል። እኔ ተማሪዎች ሳለማምድ የማየው ግን ተቃራኒውን ነው፣ ሁሌ የሚመቸው የሚሰጠው ልጅ ነው እድገቱ ቶሎ የሚቆመው።

አንድ ተማሪ ነበረን፣ ገና መድረክ ላይ ብቅ ሲል ሰው የሚስቅለት፣ በቃ ፊቱ ይበቃዋል። ሁሉም አስተማሪ ኮሜዲ ነው የሚሰጠው፣ እሱም ያቺኑ ቅንድብ ማንሳት ያቺኑ ድምጽ ማቅጠን ይዞ ይመጣል። አንዴ ልጁ የሞተበት አባት እንዲሰራ ተደረገ፣ ያውም ቃል የሌለው፣ የልጁን ልብስ እያጣጠፈ ሻንጣ ውስጥ መክተት ብቻ። መጀመሪያ ሳያስበው ቅንድቡ ተነሳ፣ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ድገም ተባለ። አሁን ደግሞ ፊቱን አጨማዶ ለማልቀስ ታገለ፣ ማንም አላመነውም። ድገም። ደክሞት ይሁን ተናዶ አላውቅም ማሳየቱን ትቶ ዝም ብሎ ማጠፍ ጀመረ፣ አንዷን ትንሽ ሸሚዝ አጥፎ ስላላማረችው ፈትቶ እንደገና አጠፋት፣ ያኔ ነው አባት የሆነው። የሚገርመው ከዛ በኋላ ኮሜዲውም ተሻለ፣ ምክንያቱም ሳቅ መለመኑን ትቶ ገጸ ባህሪው የሚፈልገውን ነገር የምሩን መፈለግ ጀመረ።

ስራው ራሱ እኮ ለማንም አይመችም። ፊልም በታሪኩ ቅደም ተከተል አይቀረጽም፣ የመለያየቱ ሲን በመጀመሪያው ቀን፣ የተዋወቁበት ደግሞ መጨረሻ ላይ ሊቀረጽ ይችላል። አንዳንዴ አብሮህ የሚጫወተው ሰው ሄዷል፣ ግድግዳ ላይ የተለጠፈች ፕላስተር እያየህ እወድሻለሁ በል ትባላለህ። ቲያትር ላይ ደግሞ ያንኑ ለቅሶ በየምሽቱ እንደ አዲስ ማምጣት አለ። ስልጠና ላይ ያልተፈተነ ሰው ይሄን የት ይልመደው፣ ካሜራው ፊት?

ስመ ጥር የሚባሉት አስተማሪዎችም የተማሪውን መደበቂያ መውሰድ ላይ ነው የሰሩት። ሳንፎርድ ማይዝነር ኒውዮርክ ውስጥ ያስተምር የነበረው የድግግሞሽ ልምምድ ስታዩት የልጆች ጨዋታ ይመስላል፣ ሁለት ሰው ፊት ለፊት ይቀመጥና አንዱ «ፈገግ ብለሃል» ሲል ሌላው «ፈገግ ብያለሁ» እያለ አንዷን አረፍተ ነገር ይቀባበላሉ። ስክሪፕት የለ፣ ብልጠት የለ፣ ስለዚህ ያለህ ምርጫ ፊትህ ያለውን ሰው የምር ማየትና መስማት ነው። ለአብዛኛው ጀማሪ ብቻህን ከምትናገረው ረጅም ሞኖሎግ ይከብዳል። ዣክ ለኮክ ደግሞ በ1956 ፓሪስ በከፈተው ትምህርት ቤት ምንም ስሜት የማያሳይ ጭንብል ያስለብስ ነበር፣ በፊቱ የሚኖር ተዋናይ ፊቱ ሲሸፈን ትከሻውና አካሄዱ ምን ያህል ባዶ እንደሆነ ወዲያው ይታያል።

እዚህ ጋ ግን አንድ ነገር ልበል፣ ምክንያቱም ፈተና ሲባል ስድብና ማዋረድ የሚመስላቸው አስተማሪዎች አሉ። ተማሪን ማስለቀስ ቀላል ነው፣ ማስተማር ግን አይደለም። የተሰደበ ሰው ትንፋሹ ያጥራል፣ ድምጹ ጉሮሮው ላይ ይቀራል፣ ቀጣዩን ሁለት ሰአት የሚያስበው ስለ ሚናው ሳይሆን ስለ አስተማሪው ነው። የግል ቁስልን መቆፈርም እንደዛው። አሜሪካዊቷ ተዋናይትና አስተማሪ ስቴላ አድለር በ1934 ፓሪስ ላይ ሩሲያዊውን የትወና መምህር ስታኒስላቭስኪን ራሱን አግኝታ አብራው ከሰራች በኋላ ተመልሳ የግል ትዝታ ላይ እንዲህ መንጠልጠል ልክ አይደለም፣ ዋናው የገጸ ባህሪው ሁኔታና ድርጊት ነው ብላ የተዋናዩን የግል ትዝታ ዋና መሳሪያ ካደረገው አስተማሪ ከሊ ስትራስበርግ ጋር ተጋጭታለች፣ እኔ በዚህ ከሷ ጋ ነኝ። ያ ተማሪም እኮ የሞተበትን ሰው አስታውስ አልተባለም፣ ልብስ እጠፍ ነው የተባለው። ስራው ከባድ ይሁን እንጂ ቢበላሽ ማንም የማይስቅበት ክፍል መሆን አለበት።

በኔ ግምት ትምህርት ቤቶች የሚመች ሚና የሚያድሉት ለተማሪው አስበው አይደለም፣ የአመቱ መጨረሻ ትርኢት ስላለ ነው። ቤተሰብ ይመጣል፣ ዳይሬክተሮች ይመጣሉ፣ እና ማንም እንዳይበላሽ ሁሉም በሚችለው በኩል ይወጣል። እሺ፣ ትርኢቱ እንደዛ ይሁን፣ አልቃወምም። ግን ልምምዱ ገና አመቱ ሲጀምር ትርኢቱን መምሰል ከጀመረ ተማሪው ገና በገባ ሰሞን የሚችለውን ነገር ነው አመቱን ሙሉ እያሸ የሚወጣው። ጸሐፊው መልስ ቢሰጡበት ደስ ይለኛል፣ በተለይ ያ በሚመቸው ሚና ያደገ ተማሪ ሁለተኛ ስራው ላይ የማይመስለው ሚና ሲመጣበት ምን እንደሚያደርግ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የትወና አሰልጣኝ